የደቀ መዝሙር መሣሪያ በዳሞት ምድር

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ፣ ከቡሬም ወደ ዓባይ በረሃ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በየደብሩ ዙሪያ ጎጆ ቀልሶ ቅኔ ሲቆጥር የኖረው ደቀ መዝሙር፣ ብዙ ጊዜ ከወላጆቹ ተሰውሮ ሲወጣ የሚይዘው ንዋይ ለብርድ ደበሎ፣ ለቁራሽ አኩፋዳ፣ ለውሻ በትር ብቻ ነበረ። ቅኔ ብዙ መጽሐፍ አይሻምና፣ ግሡን በቃሉ ይዞ፣ በዱር ተቀምጦ ሲቆጥር የዋለውን በመምህሩ ፊት ነግሮ ይታረማል።

ለጽሕፈት የተጠራው ግን ሌላ ድካም ነበረበት። ከወንዝ ዳር ሸምበቆ ቆርጦ ብዕር ይቀርጻል፤ ጥላሸትን ከተቆላ እህልና ከቅጠል ጋር ወቅጦ፣ ለወራት አብላልቶ ጥቁሩን ቀለም ያወጣል፤ ቀዩን ለአምላክ፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ለይቶ ያኖራል፤ የፍየሉን ሌጦ ወጥሮ፣ ፍቆ፣ አድርቆ ብራና ያደርጋል። ይህ ሁሉ ከደጁ የሚገኝ፣ በእጁ የሚበጅ ስለ ነበረ፣ በተበላሸ ጊዜ የሚያድሰው እርሱ ራሱ ነው። ዳዊቱንም ሆነ ድጓውን የሚያገኘው ተውሶ በመገልበጥ ሲሆን፣ ዋጋ የሚከፈለው ለብራናውና ለጸሐፊው ድካም እንጂ ለቃሉ አልነበረም፤ በእኔ አስተያየት ከሥርዓቱ ሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ይህ ነው።

ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት በኦሜድላ ገብተው ጎጃምን አቋርጠው ወደ መናገሻቸው ከተመለሱ ወዲህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲስፋፋ ጠመኔና ደብተር፣ በ1990ዎቹ መጨረሻም በሳተላይት የሚያስተምረው ፕላዝማ መጡ፤ በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

ኮምፒዩተር ወደ ኮሌጅ በዘለቀ ጊዜ የተማሪው መሣሪያ ቱርቦ ሲ ፕላስ ፕላስና ቪዥዋል ቤዚክ ሆኑ፤ ከባሕር ማዶ ለሽያጭ የተሠሩት እነዚህ ሶፍትዌሮች በአገራችን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጡ ተዳረሱ። የጥንቱ ልማድ በአዲስ ዕቃ ላይ ቀጠለ፤ ዳሩ ግን ድጓ ሲገለበጥ የሚገባው የጸሐፊ ስሕተት ብቻ ሲሆን፣ ከፍላሹ ጋር ቫይረስም አብሮ ይገባ ነበር። ፊደላችንም መከራውን አይቷል፤ መጻፊያ ሶፍትዌሮቹ እያንዳንዳቸው ለፊደሉ የየራሳቸውን የቁጥር ሥርዓት ስለ ሰጡት፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለ345 የግዕዝ ምልክቶች ቋሚ ቁጥር ባይሰጥ ኖሮ ችግሩ ዛሬም አይፈታም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ደግሞ ፕሮግራም ጸሐፊው ለሚፈጥራቸው ስሞች የግዕዝ ፊደል እንዲጠቀም ፈቀደ፤ ይህን ዕድል መምህራናችን መናቃቸው ግን ይገርመኛል።

ለሽያጭ የተሠራውን እየገለበጥን የኖርነው ነጻ መሣሪያ ጠፍቶ አይደለም። ሪቻርድ ስታልማን እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ጂ ሲ ሲ የተባለው ኮምፓይለር፣ ሊነስ ቶርቫልድስም በ1991 የጀመረው ሊኑክስ እንዲገለበጡ፣ እንዲመረመሩና እንዲታደሱ ባለቤቶቻቸው ፈቅደዋል፤ ይህም ከደብራችን ሥርዓት ጋር ይስማማል። ነጻ መሆኑ ብቻም አይበቃም፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ በመረብ ላይ ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ለክልሉ ተማሪ ምን ያህል የማይታመን እንደ ሆነ ታይቷል።

ስለዚህ በፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ፣ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስና በየሙያ ኮሌጁ ያላችሁ የኮምፒዩተር መምህራን ሆይ፣ ለተማሪው የመሣሪያ ዝርዝር ስትሰጡ ያለ ኢንተርኔት በአሮጌ ማሽን የሚሠራውን፣ መገልበጡም ያልተከለከለውን አስቀድሙ፤ ቅጂውንም ከነመመሪያው በቤተ ሙከራው ውስጥ አኑሩለት።