በይፋት ቆላ የፍየሎች የክረምት ማደሪያ አዘገጃጀት

በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው የይፋት ቆላ በክረምት ወራት እርጥበትና ሙቀት በአንድነት ይመጣሉ። በዚህ የተነሣ ለደጋ የሚስማማው ዙሪያውን የተለሰነ ጉሮኖ በዚህ ስፍራ ፍየሎችን ይጎዳል። ዝናብን ለመከላከል ሲባል ግድግዳውን በሙሉ መድፈን አይገባም፤ ከሽንትና ከበጠጥ የሚወጣው አሞኒያ ማምለጫ ሲያጣ የመተንፈሻ አካላትን ይጎዳል፤ እንስሳቱንም ለሳንባ ምች ያጋልጣል። ቀድመው የሚታመሙት ግልገሎች ናቸው።

አርቢዎች ማደሪያውን ከሰኔ ዝናብ በፊት፣ ውኃ በማይተኛበት ከፍታ ላይ እንዲሠሩ ይመከራል። ወለሉ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ቢሆን ይመረጣል። በእንጨቶቹ መካከል የሚተወው ክፍተት 1.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሰፋ እግር ይሰነቀራል፣ ከጠበበ በጠጡ አይወርድም። ለግልገሎች ግን ጠበብ ይላል። ለአንድ ትልቅ ፍየል 1 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ያስፈልጋል። ግድግዳው እስከ ፍየሏ ቁመት ተከልሎ ከዚያ በላይ ክፍት ይሁን፤ ዝናቡን የጣሪያው ክፈፍ ረዘም ብሎ ይመልሰዋል።

ርብራብ ለማሠራት አቅም የሌላቸው አርቢዎች መሬቱን ተዳፋት አድርገው ደረቅ ጭድ ይጎዝጉዙ፤ የረጠበውንም በየዕለቱ ያውጡ። የሚያስል ወይም ከአፍንጫው ፈሳሽ የሚወጣ ፍየል ከመንጋው ተለይቶ በአቅራቢያው በሚገኝ የእንስሳት ጤና ኬላ ሊታይ ይገባል።