ንጉሡና ዶማው

አድዋን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከአድዋ አስቀድሞ አገሪቱ የገባችበትን ሌላ ጦርነት ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው። በዚያ ጦርነት ጠላት ጠመንጃ አልያዘም፤ ነጋሪትም አላስጎሰመም። መጀመሪያ የመታውም ወታደሩን ሳይሆን በሬውን ነበር። አባቶቻችን ዘመኑን «ክፉ ቀን» ብለው ጠሩት።

ነገሩ የተጀመረው በምፅዋ ወደብ ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የኢጣሊያ ጦር ከባሕር ማዶ ያስመጣቸው ከብቶች፣ ብዙዎቹ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ከሕንድ የተጫኑት፣ የከብት ወረርሽኝ ይዘው ገቡ። ሕዝባችን ይህን በሽታ «ደስታ» ይለዋል፤ ስሙና ግብሩ እንዲህ የተራራቁበት ነገር ብዙ አይገኝም። በሽታው ከሰሜን ተነሥቶ ትግራይን፣ ጎንደርን፣ ጎጃምንና ሸዋን አዳርሶ ወደ ደቡብ ወረደ፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላውም የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ረገጠ። በእኛ አገር ከመቶው ከብት ዘጠና ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል።

በሬው ሲሞት የሞተው ሥጋና ቆዳ ብቻ አይደለም። የደገኛው ገበሬ ጥማድ ከሌለው ዘሩ በጎታ፣ መሬቱ በደጁ እያለም አያርስም። በዚህ ላይ ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምች የተረፈውን አነሣው። ረሀቡን ተከትለው ኮሌራ፣ ፈንጣጣና ተስቦ መጡ። እናት ልጇን ጥላ የሄደችበት፣ ሰው ለአንድ ጉርሻ ራሱን ለባርነት የሰጠበት፣ ጅብ በቀን ከመንደር የገባበት ጊዜ ሆነ። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ ሲባል ኖሯል፤ ቆጠራ ያልነበረበት ዘመን ነውና ቁጥሩ ግምት ነው።

መከራው የወረደው ደግሞ አገሪቱ ራስ ባጣችበት ሰዓት ነበር። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። በዚያው ዓመት ኢጣሊያኖች ከምፅዋ ሽቅብ ወጥተው ከረንንና አሥመራን ያዙ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ የወረሱት ዙፋን፣ በሬ የሌለው ገበሬና ደመወዝ የሌለው ወታደር ያለበት አገር ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ቀን መሪ ምን ያደርጋል? ምኒልክ መጀመሪያ ያደረጉት ማንኛውም ደግ ንጉሥ የሚያደርገውን ነው፤ የቤተ መንግሥቱን ጎተራ ከፈቱ። ጎተራ ግን ያልቃል። ታሪካቸውን የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የመዘገቡት ሁለተኛው ሥራቸው ከዚህ የተለየ ነው። ንጉሡ መጥረቢያና ዶማ ይዘው ወጡ፤ ዛፍ ቆረጡ፤ መሬት ቆፈሩ። ሥጋ መብላትም ትተው ነበር ይባላል።

ለዛሬ አንባቢ ይህ ለታይታ የተደረገ ሊመስል ይችላል። በጊዜው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደገኛው በሞፈርና በቀንበር የሚያርስ፣ በዶማ መቆፈርን የድኻ ድኻ ሥራ አድርጎ የሚያይ ሕዝብ ነበር። መኳንንቱና ወታደሩማ እርሻ የሚባለውን ከናካቴው አይነኩትም። ሰው ዶማ ከመያዝ ይልቅ በሬ እስኪገኝ ቢጠብቅ፣ ሲጠብቅም ቢሞት የሚያስገርም አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን አፈር ሲያስነኩ ከአጠገባቸው ያለው መኮንን ቆሞ ማየት አልቻለም፤ ገበሬውም የሚያፍርበት ምክንያት አጣ። አንድ ዶማ አንድ ጥማድ በሬን አይተካም። ያ ዶማ የሰበረው ሐፍረትን ነው፤ በተጨማሪም «በሬው አልቋል፤ አይመለስም፤ ሌላ መላ እንፍጠር» የሚለውን መራራ እውነት ያለ ዐዋጅ ተናገረ።

ሆኖም ታሪክን በግማሽ መተረክ ተገቢ አይደለም። ዶማው ሠራዊቱን አልቀለበም። የዚያ ዘመን ወታደር የሚኖረው በገበሬው ጫንቃ ላይ ነው፤ ገበሬው ሲራብ ደግሞ የሚዘርፈውን ፍለጋ ርቆ ይሄዳል። በ1882 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ትግራይ ሲዘምቱ ጦሩ የተጓዘው ራሱ በተራበ አገር ላይ ነበር። በደቡብና በኦጋዴን በኩል ደግሞ ከብት ለመንዳት ተዘመተ። ለአንዱ አካባቢ መዳኛ የሆነው በሬ ከሌላው ደጅ ተነድቶ የመጣ ነው። ያኛው ባለ ከብት ስለ ክፉ ቀን ሲጠየቅ የሚያወራው ስለ ንጉሡ ዶማ አይደለም።

ምኒልክ ይህን ችግር ያዩት ይመስላል። በ1885 ዓ.ም. ገደማ የአሥራትን ሥርዐት አቆሙ። ገበሬው ከምርቱ ከዐሥር አንዱን ለሠራዊቱ ቀለብ ይሰጣል፤ በለውጡ ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተመራ ያገኘውን መብላቱ ይቀራል። ዐዋጁ በሁሉም ስፍራ አልተከበረም፤ ቢሆንም ከረሀብ የተገኘ ትምህርት ወደ ሕግ የተለወጠበት እርምጃ ነበር። በዚያው ዓመት በየካቲት ንጉሡ የውጫሌን ውል እንደማይቀበሉ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ አድዋ ላይ የተሰለፈው ጦር ከዚያ ክፉ ቀን የተረፈው ትውልድ ነው።

ከዚህ ወዲህ የሆነውንም እናስታውስ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ ሲያልቅ የንጉሡ መንግሥት ነገሩን ሸሸገ። የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በአገር ውስጥ ቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር፤ በማግስቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ። ያን ፊልም ያሳየው ደርግም ዐሥር ዓመት ቆይቶ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባን በመብራትና በባንዲራ አሸብርቆ በዓሉን ሲያከብር ወሎና ትግራይ ይረግፉ ነበር። ሁለቱም ከምኒልክ የተሻለ መንገድ፣ የተሻለ መኪና፣ የተሻለ ሬዲዮ ነበራቸው። ያጡት ቸነፈሩን በስሙ የመጥራት ድፍረት ነው።

ደስታ የሚባለው በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ለዓለም ተነግሯል። ክትባት ተገኝቶለት ነው። መከራን ከሕዝብ ለሚሸሽግ ሹም ግን እስካሁን ክትባት አልተገኘለትም።