የግዕዝ ቁጥር ኅትመት በፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች

የግዕዝ ቁጥር ኅትመት ማለት በኮምፒውተር የተቀመጠን ቁጥር በፕሮግራሚንግ ቋንቋ የማተሚያ ፈንክሽን አማካይነት በግዕዝ አኃዞች (፩፣ ፪፣ ፫ ...) ጽፎ ማውጣት ነው። አብዛኞቹ ቋንቋዎች ይህን አማራጭ ይዘው ስለማይመጡ ፕሮግራመሩ ራሱ ይጨምረዋል። የግዕዝ ቁጥር ዛሬም በቀን መቁጠሪያዎችና በመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፎች ላይ ይሠራበታል።

ችግሩ

የዓረብኛም ሆነ የፋርስኛ አኃዞች እንደ 0–9 አሥር ስለሆኑ አንዱን በአቻው መተካት ይበቃል። የጂኤንዩ ሲ ላይብረሪ የፕሪንትኤፍ ፈንክሽን ለዚህ የሚሆን ምልክት አለው። የግዕዝ ቁጥር ግን 20 ምልክቶች አሉት፦ ከ1 እስከ 9፣ ከ10 እስከ 90፣ 100 (፻) እና 10,000 (፼)። ዜሮ የለውም። በመሆኑም 2017ን አኃዝ በአኃዝ የሚተካ ፕሮግራም ፪፩፯ ብሎ ያትማል፤ 217ም እንዲሁ ፪፩፯ ስለሚሆን ሁለቱን መለየት አይቻልም። ትክክለኛው የ2017 አጻጻፍ ፳፻፲፯፣ የ217 ደግሞ ፪፻፲፯ ነው።

በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል ከነቁጥሮቹ አካቷል። የግዕዝ ቁጥሮችን የመደባቸው ግን ከአሥር-ቤት አኃዞች ጋር ሳይሆን «ሌሎች ቁጥሮች» ከሚባሉት ጋር ነው።

አልጎሪዝሙ

ለድረ ገጾች የወጣው የሲኤስኤስ የቆጣሪ ስልቶች መመዘኛ የሚከተለውን ዘዴ ይሰጣል።

1. ቁጥሩ ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አኃዝ እየተደረገ ይከፈላል፤ ጥንዶቹ ከቀኝ ወደ ግራ 0፣ 1፣ 2 ... ተብለው ይቆጠራሉ።
2. በየጥንዱ የአሥርና የአንድ ቤት አኃዞች በግዕዝ ምልክት ይተካሉ፤ ዜሮ ይተዋል።
3. ጎዶሎ ተራ ያለው ጥንድ 00 ካልሆነ በኋላው ፻ ይጨመራል። ከ0 በቀር ሙሉ ተራ ባለው ጥንድ በኋላ ሁልጊዜ ፼ ይጨመራል።
4. ጎዶሎ ተራ ያለው ወይም በግራ ጫፍ ያለው ጥንድ ዋጋው 1 ከሆነ ፩ አይጻፍም። ቁጥሩ ራሱ 1 ሲሆን ግን ፩ ይጻፋል።

ለምሳሌ ጎንደር መናገሻ የሆነችበት 1636 እ.ኤ.አ. «16» እና «36» ተብሎ ይከፈልና ፲፮፻፴፮ ይሆናል። 2000 ፳፻፣ 1,000,000 ፻፼፣ 78,010,092 ደግሞ ፸፰፻፩፼፺፪ ነው።

ወደ ማተሚያ ፈንክሽን ማስገባት

የጂኤንዩ ሲ ላይብረሪ ፕሮግራመሩ ለፕሪንትኤፍ አዲስ የቅርጸት ፊደል እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል። ከዚያ በኋላ ከመቶኛ ምልክት ቀጥሎ ያ ፊደል በገባ ቁጥር አልጎሪዝሙ ይጠራል። በፓይተን አንድ ክላስ የራሱን የቅርጸት ኮድ መተርጎም ይችላል። እንዲህ ያለ መንገድ በሌለበት ቋንቋ ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፈንክሽን ጽፎ ውጤቱን እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ማተም ይቻላል።

ጥንቃቄዎች

ዜሮ፣ አሉታዊ ቁጥርና የአሥርዮሽ ክፍልፋይ በዚህ ዘዴ አይጻፉም፤ እነዚህ ሲመጡ በተለመዱት አኃዞች ማተም ይሻላል። በሠንጠረዥ ላይ ደግሞ ስፋት ሲለካ ስሕተት ይፈጠራል። እያንዳንዱ የግዕዝ ምልክት በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ የሲ ፕሪንትኤፍ የጽሑፍን ስፋት የሚቆጥረው በባይት ነው። ስለዚህ አምስት ምልክት ያለው ፲፮፻፴፮ እንደ 15 ተቆጥሮ ዓምዱ ይዛነፋል።