«ልጥፈት»፦ ዋልካ አፈር መርዝ ሲይዝ

ክረምት ላይ በአርሲ ደጋ የእርሻ መንገድ የሄደ ሰው ዋልካን ያውቀዋል። ጥቁሩ ጭቃ ጫማ ላይ እየተደራረበ እግር ያከብዳል። በጋ ሲገባ ያው መሬት እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በኦሮምኛ «ኮቲቻ» ይሉታል። ዛሬ የማስተዋውቀው ቃል የዚህን አፈር አንድ ትልቅ ችሎታ ይመለከታል።

የውጭው ቃል «አድሶርፕሽን» ነው። «አብሶርፕሽን» ከሚባለው ጋር በድምፅ ስለሚቀራረብ ሁለቱም በአማርኛ «መምጠጥ» ተብለው ያልፋሉ። ነገሩ ግን ለየቅል ነው። እንጀራ ወጡን መጦ ሲርስ ወጡ ውስጡ ገብቷል። አሰላ አካባቢ ገብስ ሲወቃ አውድማ የዋለ ሰው ጋቢ ላይ የሚቀረው እብቅ ግን ክሩ ውስጥ አልገባም፤ ላዩ ላይ ተይዟል። አድሶርፕሽን ይህ ሁለተኛው ነው፦ በውሃ ወይም በአየር ውስጥ ያለ ነገር በጠጣር አካል ገጽ ላይ ሲያዝ። እኔ «ልጥፈት» ብዬዋለሁ። የሚይዘው አካል «ለጣፊ»፣ የሚያዘው «ተለጣፊ» ይሁን።

የዚህ እውቀት ታሪክ ራሱ ከእርሻ አፈር ይነሳል። እንግሊዛዊው የግብርና ኬሚስት ጆን ቶማስ ዌይ እ.ኤ.አ. በ1850 ባወጣው ጥናት፣ አሞኒያ ያለበት ውሃ በአፈር ውስጥ ሲንቆረቆር አሞኒያው አፈሩ ላይ እንደሚቀርና በምትኩ ኖራ እንደሚወጣ አሳየ። እሱም ቢሆን በጽሑፉ ርዕስ የተጠቀመው «መምጠጥ» የሚለውን ቃል ነበር። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃይንሪሽ ካይዘር «አድሶርፕሽን»ን ወደ ሳይንስ ያስገባው በ1881 ነው፤ ከዌይ 31 ዓመት በኋላ። በቃል የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም።

ዋልካ ለምን ይይዛል? በውስጡ ያለው የሸክላ ደቂቅ ቅንጣት እንደ መጽሐፍ ገጾች የተነባበረ ነው። ንብብሮቹ መካከል ውሃ ሲገባ አፈሩ ያብጣል፣ ውሃው ሲወጣ ይሰነጠቃል፤ የበጋው ስንጥቅ ምክንያቱ ይኸው ነው። ገጾቹ ደግሞ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ካልሲየምና ሶዲየምን የመሳሰሉ ፖዘቲቭ ንጥረ ነገሮችን ላላ አድርገው ይይዛሉ። እርሳስ ወይም ካድሚየም የሟሟበት ውሃ ሲደርስ ካልሲየሙ ቦታውን ይለቅና እርሳሱ ወይም ካድሚየሙ ይተካል።

ይህ ከቤተ ሙከራ ያለፈ ጉዳይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አሰላ የሚሄድ መንገደኛ በሞጆ ያልፋል፤ በዚያ የቆዳ ፋብሪካዎች አሉ፤ ለቆዳ ማልፊያ ደግሞ የክሮሚየም ጨው ይውላል፤ ከፍሳሹ ጋርም ወደ ውሃ ሊገባ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ0.01 ሚሊግራም በላይ እርሳስ፣ ከ0.003 ሚሊግራም በላይ ካድሚየም እንዳይኖር ይመክራል። ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ እነዚህን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ክምችታቸው ይጨምራል።

ዋልካ ግን ሁሉን አይችልም። መርዛማው የክሮሚየም ዓይነት ውሃ ውስጥ ኔጋቲቭ ሆኖ ስለሚገኝ ኔጋቲቩ ሸክላ ይገፋዋል። እዚህ ላይ የሚረዳው ቀይ አፈር ነው፤ ቅላቱን የሰጠው የብረት ዝገት፣ ውሃው ጥቂት አሲድነት ሲኖረው ፖዘቲቭ ይሆንና ክሮሚየሙንም አርሴኒኩንም ይይዛል። ጥቁሩና ቀዩ አፈር ሥራ ይከፋፈላሉ ማለት ነው።

አፈሩን ለውሃ ማጣሪያነት የማዘጋጀቱ አሠራር በአጭሩ ይህን ይመስላል። አፈሩ በውሃ ተበጥብጦ አሸዋው ይዘቅጣል፤ ጭቃው ደርቆ ይፈጫል፤ ከዚያ በአሲድ ይታጠባል ወይም ይተኮሳል። ዱቄቱ እንዳለ ቢገባ ውሃውን ያደፈርሳል፣ ማጣሪያውንም ይደፍናል። ስለዚህ ከሰጋቱራ ጋር ተቦክቶ በትንንሹ ይድቦለቦልና ይተኮሳል፤ ሰጋቱራው ተቃጥሎ ሲጠፋ ቀዳዳ ይተዋል። እሳቱ ከልክ ሲያልፍ ግን ንብብሩ ፈርሶ የመያዝ አቅሙ ይሞታል። ሸክላ ሠሪዎቻችን እሳት ማንበብ ያውቃሉና በዚህ ሥራ ከኬሚስቱ ጎን ቢቆሙ ተገቢ ነው። ለዚህ የሚቆፈረውም ገበሬው የሚያርሰው የላይኛው አፈር መሆን የለበትም።

«መምጠጥ» የሚለውን ቃል የምቃወመው ለቋንቋ ውበት ስል አይደለም። ተመጠጠ ሲባል ሰው መርዙ የጠፋ ይመስለዋል። ልጥፈት ግን የተለጠፈ ሊላቀቅ እንደሚችል ይናገራል፤ እርሳስ የያዘ ሸክላ አሲድ ሲነካው እርሳሱን መልሶ ይለቃል። የለጣፊው ገጽ ሲሞላም ቀጥሎ የሚመጣው ውሃ ከነመርዙ ያልፋል።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ከደጃችሁ አፈር ዘግናችሁ የመጠጥ ውሃ ውስጥ አትጨምሩ፤ ሳይዘጋጅና ሳይመረመር አይሆንም። በዚህ የምትመራመሩም ከብርጭቆው ውሃ እኩል አገልግሎቱን የጨረሰው አፈር የት እንደሚቀበር አስቀድማችሁ ወስኑ። ወደ ማሳ አይመለስም።