«ጊዜው አይፈቅድም»

አያቴ ሲያርፉ ለእኔ የደረሰኝ አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር። በእኛው በግዕዝ ፊደል የታተመ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። አያቴ የወለጋ ሰው ነበሩ። ምሽት ምሽት ከመጽሐፉ ያነቡልንና ሲዘጉት ደግሞ ተረት ያወሩልን ነበር። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ከያዝኩ በኋላ ተረቶቻቸውን በደብተር ላሰፍር አሰብኩ። «ጊዜ ሳገኝ» አልኩ። «ዘመኑ ረጋ ሲል» አልኩ። ዘመኑም አልረጋ፤ አያቴም አልጠበቁኝ።

ይህን የግል ጥፋቴን የማነሳው ያለ ነገር አይደለም። ክርስቲያን ነን የምንል ሰዎች «ዘመኑ ክፉ ነው» ብለን እጃችንን አጣጥፈን ስንቀመጥ ብዙ ጊዜ አያለሁ፤ ራሴንም ጨምሬ። ታዲያ ያ የወረስኩት መጽሐፍ እንዴት ተጻፈ ብዬ መመርመር ስጀምር ማመካኛዬ ሁሉ ከእጄ ወደቀ።

ነገሩ የሚጀምረው በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ፣ በ1856 ገደማ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሂካ የሚባል ልጅ ተወለደ። በኦሮምኛ ሂካ ማለት ፈቺ፣ ተርጓሚ እንደ ማለት ነው። አባቱ በ4 ዓመቱ ሞቱበት። በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት፤ ከጌታ ወደ ጌታ እየተሸጠ ለ8 ሰዎች ተገዛ። በ1870 ምጽዋ ላይ ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣው። በወደቡ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1872 የፋሲካ ዕለትም ተጠመቀ። የክርስትና ስሙ አናሲሞስ ሆነ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የሚማልድለት ባሪያ ስም ነው፤ ትርጉሙም «ጠቃሚ» ማለት ነው።

አናሲሞስ ነሲብ በስዊድን አገር 5 ዓመት ተምረው ሲመለሱ ሐሳባቸው አንድ ነበር፤ ወደ ወገናቸው መግባት። መንገዱ ግን ተዘጋ። በሱዳን በኩል ዞረው አሶሳ ሲደርሱ ተመለሱ፤ በ1882 ተመልሰው ካርቱም ገቡ። በ1886 ደግሞ እስከ እንጦጦ ዘልቀው ከዚያ ማለፍ ተከለከሉ። ሰው ሁለት ጊዜ በሩ ሲዘጋበት ምን ይላል? «ጊዜው አይፈቅድም» ቢሉ ማን ይፈርድባቸው ነበር?

እርሳቸው ግን እምኩሉ ተመልሰው ብዕር አነሱ። አገሩ ባይከፈትላቸው ቋንቋው ነበራቸው። እርሱም ቢሆን ሙሉ አልነበረም። በልጅነታቸው ከአገር ስለ ወጡ ኦሮምኛቸው የልጅ ኦሮምኛ ነበር፤ ቃል ያጥራቸዋል። ለዚህ የደረሱላቸው አስቴር ጋኖ ናቸው። እርሳቸውም የተሸጡ ልጅ ነበሩ፤ በ1886 የጣልያን መርከብ ከባሪያ ጫኝ ጀልባ አድኖ እምኩሉ አድርሷቸዋል። አስቴር በእሥራቱና በባሕሩ መካከል ያልጠፋባቸውን የእናት ቋንቋ አወጡት። ብዙ ቃላት ሰበሰቡ፤ 500 ያህል ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ጻፉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው መጽሐፍ ወጡ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። የአስቴር ስም ግን እስከ ዛሬ የሚነሳው ከሥራቸው በጣም ባነሰ መጠን ነው።

አናሲሞስ ነቀምት የገቡት በ1904 ነው። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው። ብዙም ሳይቆይ የአካባቢው ካህናት ከሰሷቸው፤ ነገሩ በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርቦ እንዲሰደዱ ተፈረደ። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ ስብከት ግን ተከለከለ። እርሳቸውም መስበክ ቢከለከሉ ማስተማሩን አልተውም። ልጅ ኢያሱ በ1916 እስኪፈቅዱላቸው ድረስ 10 ዓመት ያህል በዚሁ ቆዩ። በ1931 ነቀምት ላይ አረፉ። ወይዘሮ አስቴር እስከ 1964 ኖሩ።

እንግዲህ እኔ ከዚህ ታሪክ የተረዳሁት ይህን ነው። ዘመን ለማንም በሩን በርግዶ ከፍቶ አይጠብቅም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ጥሪያቸውን የፈጸሙት የተዘጋው በር እስኪከፈት በጠበቁበት ቦታ፣ በእጃቸው በቀረው ነገር ነው። የቀራቸውም ቃል ብቻ ነበር። የቀማቸውን ዓለም ሲረግሙ አልኖሩም፤ ያልተቀሙትን ለወገናቸው መለሱ። ለዘመን ማገልገል ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ባለፈው ወር የአያቴ ታናሽ እህት ዘንድ ሄድኩ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ደብተሬን ስዘረጋ ትክ ብለው አዩኝና «እስከ ዛሬ የት ነበርክ ልጄ?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። የመጀመሪያውን ተረት ግማሹን ረስተውታል፤ የቀረውን ጽፌዋለሁ።