ሁለት ነጥብና ክፍት ቦታ
ስለ ቃላት መለያያ ምልክቶች ታሪክና ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ

ዕቃ ከአንዱ አጓጓዥ ወደ ሌላው በሚተላለፍበት ስፍራ ሁሉ ጭነቱ የሚፈታበትና የሚቈጠርበት ጣቢያ ያስፈልጋል። ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ የምትገኘው ጀልዴሳ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ ያለች ጣቢያ ነበረች። ከዘይላ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚጓዘው ሲራራ ነጋዴ ቆላውን በግመል አቋርጦ ጀልዴሳ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት ለግመል ስለማይመች፥ አብዛኛውን ጊዜ ጭነቱ ወርዶ በበቅሎና በአህያ ይከፋፈል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 የጅቡቲው የምድር ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ ግን ሐዲዱ ጀልዴሳን ስላልነካ፥ የማራገፊያው ሥራ ወደ አዲሱ ከተማ ተዛወረ፤ የጀልዴሳም ገበያ ቀዘቀዘ። ማጓጓዣው ሲለወጥ መለያያው ስፍራም ተለወጠ ማለት ነው።

የጽሕፈታችንም ታሪክ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የደቡብ ዐረብ ጽሕፈትና የጥንቱ የግዕዝ የድንጋይ ጽሕፈት ቃልን ከቃል የሚለዩት በቀጥታ በቆመ ሰረዝ ነበር። ጽሑፉ ከድንጋይ ወደ ብራና ሲዛወር ሰረዙ ለሁለት ነጥብ ቦታውን ለቀቀ። ሁለት ነጥብ በብራና ላይ ብዙ መቶ ዓመታት አገልግሎ ወደ ማተሚያ መኪናም ተሻገረ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን የጽሕፈት መኪናና ዘመናዊው ኅትመት እየተስፋፉ በሄዱ መጠን ክፍት ቦታ ቀስ በቀስ ተተካበት። ይሁን እንጂ በሁለት ነጥብ ተለይቶ የተጻፈው የአያሌ ዘመናት ጽሑፍ እንዳለ ነው፤ ወደ ኮምፒዩተር በገባ ጊዜም መለያያውን ይዞ ይገባል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። አንድ ፕሮግራም የገባለትን ጽሑፍ ወደ ቃላት ሲከፋፍል መለያያ ምልክቱ ካልተነገረው፥ የቋንቋው ሠሪዎች አስቀድመው ባሰቡት ምልክት ይሠራል። ይህም ክፍት ቦታና የመሥመር መጨረሻን የመሰለ ነው። ስለዚህ በሁለት ነጥብ ብቻ የተለየ ሙሉ መሥመር እንደ አንድ ቃል ይቈጠራል፤ ነጥቦቹ በግራና በቀኝ ክፍት ቦታ ካላቸው ደግሞ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን እንደ ቻሉ ቃላት ይወሰዳሉ። በሁለቱም መንገድ የቃላቱ ቁጥር የተሳሳተ ይሆናል፤ በመጀመሪያው መንገድ ደግሞ ቃል ፈላጊው በመዝገቡ ውስጥ ያለውን ቃል የለም ተብሎ ይመለሳል።

የዩኒኮድ ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0ኛው እትሙ ፊደላችንን ሲቀበል ለሁለት ነጥብም የራሱን ቁጥር ሰጥቶታል፤ ይኸውም በአሥራ ስድስትዮሽ አቈጣጠር 1361 ነው። ምደባው ግን ከሥርዓተ ነጥብ ወገን እንጂ ከክፍት ቦታ ወገን አይደለም። በአንጻሩ የጥንቱ የአየርላንድ የኦጋም ጽሕፈት መለያያ፥ ቁጥሩ 1680 የሆነው፥ ብዙውን ጊዜ በሰረዝ መልክ የሚታይ ሲሆን ከክፍት ቦታ ተመድቧል። ስለዚህ የጃቫ ቋንቋ ስካነር የኦጋሙን ያለ ትእዛዝ ሲያውቅ የእኛን በትእዛዝ ብቻ ያውቃል።

መለያያን በፕሮግራም ውስጥ የማዘዝ ልማድ የራሱ ታሪክ አለው። በሲ ቋንቋ ለዚህ ሥራ የተለመደው መሣሪያ የሚፈለገውን ምልክት ይቀበላል፤ ነገር ግን ምልክቱን ባገኘበት ስፍራ ዜሮ ጽፎበት ዋናውን ጽሑፍ ያበላሻል፤ የደረሰበትንም ቦታ በስውር ስለሚይዝ ሁለት ጽሑፎችን እያፈራረቁ መክፈል አይቻልም። ኦብጀክት ተኮር የፕሮግራም አጻጻፍ፥ ከኖርዌዩ ሲሙላ 67 ወዲህ ያዳበረው ሐሳብ፥ መረጃንና በመረጃው ላይ የሚሠራውን ሥራ በአንድ አካል ያስተሳስራል። እ.ኤ.አ. በ1996 ከጃቫ ጋር የወጣው ስትሪንግ ቶክናይዘር፥ በ2004 የተጨመረውም ስካነር፥ በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው። እያንዳንዱ አካል የራሱን ጽሑፍ፥ የደረሰበትን ቦታና መለያያውን ለራሱ ይይዛል፤ አንዱ በሁለት ነጥብ፥ ሌላው በክፍት ቦታ ጎን ለጎን ሊሠሩ ይችላሉ። ስትሪንግ ቶክናይዘር ከታዘዘ መለያያዎቹን ጭምር መልሶ ይሰጣል።

ለአማርኛ ግን ምልክቱን መጥቀስ ብቻ አይበቃም፤ ቅደም ተከተልም ያስፈልጋል። ብዙ ጸሐፊዎች በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታሉ። ለስካነር መለያያው አንድ ሁለት ነጥብ ነው ተብሎ ከታዘዘ በሁለቱ መካከል ባዶ ቃል ይወጣል፤ የዓረፍተ ነገሩም መጨረሻ ይጠፋል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ባዘጋጁት «ሰራ» በተባለው፥ አማርኛን በላቲን ፊደል የማስፈሪያ ሥርዓትም የላቲኑ ሁለት ነጥብ ነጠላው ለቃል መለያያ፥ ድርቡ ለአራት ነጥብ የቆመ ነበር። ደንቡ አንድ ነው፤ ረጅሙ ምልክት ከአጭሩ አስቀድሞ ይፈተሽ። እንዲሁም እዝባር በ«ት/ቤት» እና በ«ዶ/ር» ውስጥ የቃሉ አካል ስለሆነ ከመለያያዎች ተራ እንዳይገባ ያስፈልጋል።

እንግዲህ የሙያ ባልደረቦቻችን የመዛግብት፥ የሕግ ወይም የቤተ መጻሕፍት ሥራ ሲሰጣቸው፥ የመለያያውን ደንብ በፕሮግራሙ ውስጥ እዚህም እዚያም ከመበተን በአንድ ክፍል ሰብስበው ቢያስቀምጡት፥ ዋናውን ጽሑፍም ከነነጥቡ ቢጠብቁት ይበጃል። በዘይላ መንገድ የመጣን ጭነት የባቡር ጣቢያው መዝገብ ውስጥ የፈለገ ሰው አያገኘውም፤ የቀድሞውንም ጽሑፍ በዛሬው መለያያ ብቻ የሚፈልግ እንዲሁ ነው። ጭነቱ ሳይጠፋ የጠፋ የሚመስለው የተፈታበትን ስፍራ ባለማወቅ ነውና።