የመጀመሪያው የአገራችን ልብወለድ ፊልምና ዳይሬክተሩ

በአገራችን የመጀመሪያው ባለሙሉ ርዝመት ልብወለድ ፊልም በ1957 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ነው። ድርሰቱ የኢላላ ኢብሳ ሲሆን፣ በዳይሬክተርነት ያዘጋጁት ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ናቸው። የፊልሙ ርዕስ ዛሬም ይጠቀሳል፤ የዳይሬክተሩ ስም ግን እምብዛም አይነሣም። በ1960ዎቹ «ጉማ»ን ያዘጋጁት የሚሼል ፓፓታኪስም ዕጣ ተመሳሳይ ነው፤ የጉማ ፊልም ሽልማት የሚጠራው በፊልሙ ርዕስ ነው።

የፊልም ዳይሬክተር ቅርስ የሚዘልቀው የፊልሙ ጥቅል እስካለ ድረስ ነው። ሙቀትና እርጥበት ጥቅሉን ያበላሹታል፤ የኮምጣጤ ሽታ የብልሽቱ ምልክት ነው። ስለሆነም የቆየ የፊልም ጥቅል በእጃቸው የሚገኝ ዜጎች በማሳያ መሣሪያ ከማጫወት ተቆጥበው፣ በቀዝቃዛና ደረቅ ስፍራ እንዲያስቀምጡትና አዲስ አበባ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት እንዲያሳውቁ ይመከራል።